ዘበኛ የቆመለት ገለባ

ዛሬ ሰው «መብራት ሄደ» ብሎ ሲያማርር ስሰማ ሳቄ ይመጣል። በጃንሆይ ጊዜ በእኛ ሰፈር መቼ መጥቶ ነው የሚሄደው? ዲላ መብራት አልነበራትም አላልኩም። ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ትልልቅ ቤቶች አምፖላቸውን እያበሩ ይኮሩብን ነበር። ግን በአምፖል ወጥ አይሠራም። አምፖል ያለውም የሌለውም ሲርበው ያው እንጨት ፈላጊ ነው።

እናቴ ወርቅነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቡና ለሚጭኑ ሾፌሮች ምግብ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ማገዶ የምታመጣልን ደግሞ ማርታ የምትባል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከጪጩ የምትመጣ ሴት ነበረች። ሸክሟ ከእሷ ስለሚበልጥ ከሩቅ ስትመጣ ዛፍ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ምላሷስ? «እንጨትሽ እርጥብ ነው» የሚላትን ሰው፣ «በጌዴኦ ዝናብ ደረቅ ነገር ካገኘህ ለእኔም አሳየኝ» ትለው ነበር።

አንድ ክረምት ማርታ ቀረች። ቁልቁለቱ ላይ አዳልጧት፣ ከነሸክሟ ወድቃ ትከሻዋ ተሰብሯል። እናቴ ልትጠይቃት ጪጩ ሄደች።

«እንጨቷ አይደለችም የጣለችኝ፣ እትዬ። ጭቃዋ ናት» አለቻት ማርታ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ያቺ ምላሰኛ ስታለቅስ ማየት እናቴን ጎዳት። ወጌሻ እንዳሰራት እኛ ቤት ይዛት መጣችና፣ «ከእንግዲህ በሰው ትከሻ ወጥ አልሠራም» አለች። ጥሩ፤ ታዲያ በምን? እሱን አልነገረችንም።

ቡና መፈልፈያው አጠገብ የቡና ገለባ ተራራ ነበር። ባለቤቱ «እባካችሁ አንሡልኝ» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ይለምናል። ገለባ ይጨሳል እንጂ አይነድም ይባላል። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? እናቴ በጆንያ ሞልታ አመጣችና ለኮሰችው። «ጭስ መውጫ አያጣም» ይላሉ፤ የእኛ ጭስ ግን አጣ። ጎረቤት ቤቱ ተቃጠለ ብሎ ባልዲ ባልዲውን ይዞ ደረሰ። ምድጃውንም እናቴንም አንድ ላይ አጠቧቸው። በማግስቱ «ቆሻሻ ቀቃይዋ» የሚል ስም ወጣላት። እሷ እቴ! አንገቷን ቀና አድርጋ ገበያ ወጣች።

ማርታም ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። «ገለባዋ ትንፋሽ አጥታ ነው! አንቺንስ አፍንጫሽን ቢይዙሽ?» ትላታለች። እናቴ ደግሞ «አንቺ ትከሻሽን ጠብቂ» ትላለች። እንዲህ ሲከራከሩ ከረሙ። በመጨረሻ አሮጌ የላምባ ቆርቆሮ ከሥሩ በሱ። መሃሉ ላይ ዱላ አቁመው፣ ዙሪያውን ገለባ ጠቅጥቀው፣ ዱላውን ቀስ አድርገው መዘዙት። እሳቱ ከሥር ገባና በመሃሉ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሽሮው ተንተከተከ። ማርታ በደህናው እጇ ጭኗን እየመታች በደስታ ጮኸች፤ እናቴ ግን ሁሌም የምታደርገው ይመስል «በይ ቅመሽ» ብቻ አለቻት።

ዝናቡ አላቆም አለ። የከተማው እንጨት ሁሉ ራሰ። ትኩስ ወጥ ያለው እኛ ቤት ብቻ ሆነና ሾፌሩ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። ስም አውጪዎቹ ጎረቤቶቻችንም ቆርቆሯቸውን አቅፈው በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ ማንንም ሳትመልስ አሳየቻቸው። ማርታም ስትድን ቆርቆሮ እየበሳች መሸጥ ጀመረች። እንጨት ዳግመኛ ጀርባዋ ላይ አልወጣም።

ገለባውን ስላነሣንለት ከባለቤቱ ምርቃት ጠብቃችሁ ይሆናል። አንድ ጠዋት ገለባ ልንጭን ብንሄድ፣ የመፈልፈያው ባለቤት ክምሩን በእሾህ አጥሮ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አቁሞበታል! ሰዉ ተንጫጫ። እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ዘበኛውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ደስ አላት።

«አየሽ ማርታ? ድፍን ዲላ ውስጥ ለቆሻሻ ዘበኛ ያስቀጠረች ሴት ከእኔ ሌላ አለች?»

ማርታ ተቆጣች። «እኔስ? ትከሻዬን የሰበርኩት ለጨዋታ ነው?»