ቤቱ የሚውለው ጎረቤቴ

ሥራ ያለው ሰው ጠዋት ከቤቱ ይወጣል። እኔ የማውቀው ይህንን ነው፤ እናንተስ? ታዲያ ቤቱ ተቀምጦ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለውን ሰው ምን እንበለው?

እዚህ አሶሳ በአጥር የምንዋሰነው አልፋዲል እንዲህ ነው የሚለን። አውሮፓ ውስጥ ወይን ጠጅ እየጠመቀች የምትኖር አንዲት ትንሽ ከተማ አለች አሉ። እዚያ ላለ ድርጅት የደንበኞችን ደብዳቤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሆኖ በኮምፒውተር ይመልሳል። እሱ ራሱ ወይን ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ማን ይመነው? «ልጁ ከሥራ ተባሮ፣ አፍሮ ነው» አልን።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሁለት ጡረተኛ ጎረቤቶቻችን ጋር ልናጽናናው ሄድን። እኔ ጥበቃ የሚፈልግ ማስታወቂያ ከቢሮዬ ሰሌዳ ላይ ገንጥዬ ይዣለሁ። አልፋዲል ከአለቃው ጋር በኮምፒውተሩ እየተያዩ ያወራሉ። አንደኛው ጡረተኛ፣ ሼህ ሙሳ፣ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«አንተ ፈረንጅ፣ ልጃችንን ሥራ አታስፈታው። ወላሂ፣ ሥራ አግኝተንለታል!» አሉት።

አልፋዲልን ላብ አጠመቀው። እንጀራው ነዋ! «ጡረታ የወጡ ጎረቤቶቼ ናቸው» ብሎ ለፈረንጁ አስረዳው። አለቃው ግን ሳይቆጣ አንድ ነገር ጠየቀ። አልፋዲል እየፈራ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ‹እኚህኛው ጡረታ የወጡ አይመስሉም፤ በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ይሠራሉ?› ይላል።»

እኔን? የመንግሥት ሠራተኛውን? ደሜ ፈላ።

«ጃኬቴ ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ ወንበሬ ላይ ተሰቅሎ የለም እንዴ በለው!»

አልፋዲል ተረጎመ። ፈረንጁ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

«‹ለካ እርስዎም እንደ አልፋዲል ከርቀት ነው የሚሠሩት› ይላል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አልፋዲልን ሥራ ፈት ያለ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።