የተገዛ አባት አይመለስም

ትናንት እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ ገበታው እንደተነሣ፣ መኩሪያ ሶፋው ላይ ጋደም አለና ሕልም አየ። ሕልምማ ማን የማያይ አለ፤ የእሱ ግን ጉድ ነው። ዛሬ ጠዋት ሲነግረኝ እሱ መሳቅ አቅቶት ነበር፤ እኔም ሳቄን ውጬ ነው የሰማሁት።

መጀመሪያ ምን ሲከነክነው ዋለ የሚለውን ልንገራችሁ። መኩሪያ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በየግቢው እየዞረ የቆጣሪ ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የሚውለው። ልጁ ሶሊያና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ካለፈች ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ሊገዛላት ቃል ገብቶላት ነበር። ልጅቷም አለፈች፤ ያውም ከክፍሏ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ። እሱም ቃሉን አላጠፈም፤ ቅዳሜ ዕለት ለዚሁ ያጠራቀማትን ይዞ ወጣ። "አባዬ፣ እኔም ልምጣ?" ስትለው ግን "አንቺማ አትመጪም፤ ነጋዴው ዓይንሽን አይቶ ዋጋ ይሰቅላል" አላት። አልዋሸም፤ የልጅ ጉጉት ያየ ነጋዴ አይምርም። "እሺ፤ ብቻ ግራፊክስ ካርድ ያለው ይሁን። ሌላ ምንም አልፈልግም። እሱ ከሌለ ጌሙ አይከፍትም" ብላ እስከ በሩ ድረስ እየተከተለች ነግራ ሸኘችው።

በእሷ ፈንታ "የሚያውቅ ሰው" ብሎ ይዞ የሄደው የሚስቱን ወንድም ገዛኸኝን ነው። ገዛኸኝ የሚያውቀው ጀነሬተር መጠገን ነው። ሱቁ ውስጥ ተገጣጥመው ያለቁ፣ ዋጋቸው አንድ የሆነ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንዷ ትንሽዬ፣ ጥቁር፣ ጥግዋ የተፋቀ ሳጥን ናት። ሌላው ጎኑ መስታወት ሆኖ ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚያበራ ግዙፍ ነገር ነው። ሻጩ እግዜር ይስጠውና "ለጌም ከሆነ ትንሿ ትሻላለች፤ ካርድ ያላት እሷ ናት" ብሏቸው ነበር። ገዛኸኝ ትንሿን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ አስቀመጣት። ትልቁን በሁለት እጁ አነሣና አቃሰተ። "ይሄ ነው ዕቃ! ያቺማ ባዶ ናት። ከበድ ያለውን ውሰድ፣ ቀላል ነገር አይበረክትም" አለ። መኩሪያም ሳሎኑ በዚያ መብራት ሲደምቅ፣ እንግዳ ሁሉ ሲያይለት ታየውና ከባዱን አሸክሞ መጣ።

ሶሊያና ሳጥኑን አንዴ ዞረችው፣ የአባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ "አመሰግናለሁ አባዬ" አለችው። ቆይታ ጌሟን ስትሞክር ገጹ ጥቁር ሆኖ ሲቀር አይቷል። እሷም እንዳየ አውቃ ቶሎ ብላ ዘጋችው። ገንዘቡ አልቋል፣ ሱቁም የሸጠውን መልሶ አይቀበልም። ምናለ አንዴ እንኳ ጮኻብኝ ቢወጣላት እያለ ነው እንግዲህ እንቅልፍ የወሰደው።

በሕልሙ ኮምፒውተሩን አቅፎ ሊመልስ ከቤት ሲወጣ፣ የሰፈሩ የውኃ ቆጣሪዎች ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። አንደኛው ቆብ አድርጓል።

"ጋሼ፣ ለንባብ ነው የመጣነው" አለ ባለቆቡ።

"ማንን ልታነቡ?"

"እርስዎን ነዋ።"

ሸሚዙን ገለጡና ደረቱ ላይ ያለች ክዳን ከፈቱ። ባለቆቡ መስታወቷን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አድርጎ አጎንብሶ አየ።

"የዚህ ወር ጸጸትዎ ከወትሮው በጣም በልጧል።"

"ኧረ ከትናንት ወዲህ ነው!"

"እንግዲያው የሚያፈስ ቦታ አለ። ያስፈትሹ" አለና ክዳኑን ገጥሞ ወደ ጎረቤት ሄደ። መኩሪያ ደረቱን ዳበስ አደረገው፤ እውነትም ረጥቧል።

አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ታክሲዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ሰልፉ መስጊዱን ዞሮ ሄዷል። አንድ ጎረምሳ መንገደኛ "አንድ ታክሲ የቀረው! አንድ ታክሲ የቀረው!" እያለ ይጣራል። ከሰልፉ መካከል አንድ ያረጀ ሚኒባስ ፈትለክ ብሎ ወጣና መኩሪያ ጀርባ ላይ ጉብ አለ።

"ጠጋ በል" አለው ሚኒባሱ።

"ወዴት ልጠጋ? ያለኝ አንድ ጀርባ ነው!"

"ምን ችግር አለው፣ በትርፍ ጫን" አለና ሌላ ሚኒባስ ጠርቶ አሳፈረ።

መኩሪያ ኮምፒውተሩን በክንዱ፣ ሚኒባሶቹን በጀርባው ይዞ ዳገቱን ተያያዘው። የሚገርማችሁ፣ ሚኒባሶቹ አልከበዱትም። የከበደው ኮምፒውተሩ ነው። ዳገቱ መካከል ላይ ገዛኸኝን አገኘው። ገዛኸኝ መሬት ተዘርሯል፤ አንድ ጀነሬተር ደረቱ ላይ እግሩን ተክሎ ከአፍንጫው የወጣ ገመድ እየጎተተ ሊያስነሣው ይታገላል።

"ምን ሆነ?" አለ መኩሪያ።

"አልነሣ አለ" አለ ጀነሬተሩ ላቡን እየጠረገ። "ድምፁ ብዙ ነው እንጂ ጉልበት የለውም።"

ሌላ ቀን ቢሆን መኩሪያ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ጊዜ ግን "እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ እሱን አምኜ ልጄን ቤት የተውኩ" አለና አለፈው። ሚኒባሶቹ "ወራጅ አለ!" አሉት፤ አወረዳቸው፤ መልሳቸውን እንኳ ሳይቀበሉ ሄዱ።

ሱቁ ያው የቅዳሜው ነው፤ ሻጩም ያው። ክርክሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል። አንዲት ሴትዮ "ኧረ በማርያም፣ ትንሽ ልጨምር!" ስትል ሻጩ "አያዋጣኝም እናቴ፣ ይቀንሱ" ይላል።

"እሺ የመጨረሻውን ንገረኝ!"

"የመጨረሻው በነጻ ነው።"

ሴትዮዋ ተቆጥታ ወጣች። ይጠራኛል ብላ ቀስ እያለች ስትራመድ ነበር፣ አልጠራትም።

የመኩሪያ ተራ ደረሰ። "እባክህ ወንድሜ፣ ይሄን ውሰድና ትንሿን ጥቁር ስጠኝ" ብሎ ሳጥኑን ሊያስቀምጥ ሲል ሳጥኑ በራሱ እግር ወርዶ ቆመ። ሻጩ ለሳጥኑ "እንኳን ደህና መጡ" ብሎ ወንበር ሰጠው። መኩሪያን ግን በብብቱ ይዞ ብድግ አደረገና መደርደሪያ ላይ ቁጭ አደረገው። መደርደሪያው ሙሉ አባት ነው። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ "የተገዛ አባት አይመለስም" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰውዬ።

"ተገጣጥመን ያለቅን ነን። አትጨነቅ፣ ከፍቶ የሚያይህ የለም።"

"ካላዩኝ በምን ይመርጡኛል?"

"በክብደት ነዋ" አለ ሰውዬው።

በሩ ተከፈተና ሶሊያና ገባች። ቦርሳዋን ጭምድድ አድርጋ ይዛለች፤ ከዚያች ሌላ ምንም እንደሌላት አያያዟ ያስታውቃል። መኩሪያ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ክው አለ። ሌላ አባት ብትመርጥስ?

"አባት ፈልጌ ነበር" አለች። "አቅሜ ግን ትንሽ ነው።"

"ምን ዓይነት?"

"ያልኩትን የሚሰማ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

የቅዳሜው ኮምፒውተር ከወንበሩ ተነሣ። "የሚያውቅ ሰው ካልያዝሽ እኔ ልምረጥልሽ" አለና መኩሪያን በሁለት እጁ አንሥቶ አቃሰተ። "ይሄ ነው አባት! ክብደቱን አታይም?"

"ክብደቱን አልጠየቅኩም። ይሰማል ወይ?"

ሻጩ ጭንቅላቱን አከከ። "እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፤ ይሰማል። ሱቅ እስኪገባ ድረስ ነው።"

"ያኛውስ?" አለች፣ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ፣ የኮቱ ክርን ወደተበላ ቀጭን ሰውዬ እያሳየች።

"እሱ ልጁን ይዞ ገበያ የሚወጣ ዓይነት ነው። ዋጋቸው አንድ ነው፤ እኔ ብሆን እሱን ነው የምወስደው።"

ሶሊያና ቀጭኑ ሰውዬ ፊት ሄዳ ቆመች። ቆየች። ሰውዬው በትሕትና ፈገግ አለላት። መኩሪያ "ሶሊ! የኔ ልጅ! ይዤሽ መሄድ ነበረብኝ!" ሊላት አፉን ከፈተ። ቃል አልወጣም፤ ቀይ መብራት ወጣ። ደግሞ ሞከረ፤ አረንጓዴ። ከልቡ ጮኸ፤ ሰማያዊ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "እንዴት ያምራል!" ብሎ አጨበጨበ። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም፤ አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ መብራቱ በጣቶቹ መካከል ወጣ።

ሶሊያና አላጨበጨበችም። ተመልሳ መጣችና ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

"ይሄኛው ይሁን" አለች።

ሻጩ ግራ ገባው። "ከተገዛ በኋላ አይመለስም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ያኛው ይሻላል እያልኩሽ?"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

መኩሪያ ትንፋሹን ውጦ ጆሮውን ቀሰረ። ያንን መልስ ለመስማት ያን ሁሉ መብራት አጥፍቶ ዕድሜውን በጨለማ ቢኖር ግድ አልነበረውም። ሶሊያና አፏን ከፈተች፤ "ምክንያቱም" ከማለቷ ጢን! የሚል ድምፅ ተሰማና ነቃ።

ጢን። እንደገና ጢን። ሶሊያና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ቁልፍ ትመታለች፤ በእያንዳንዱ ምት አንድ ጢን ይላል። ጌም ነው! ከፈተላት ማለት ነው! መኩሪያ ተስፈንጥሮ ተነሣና ከኋላዋ ሄዶ ቆመ።

ገጹ ነጭ ነው። አንዲት ግራጫ፣ የአውራ ጣት የምታህል ዳይኖሰር ቁልቋል እየዘለለች ትሮጣለች። ያቺ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰው እንዳይሰለች ብቅ የምትለዋ ናት፤ በየቢሮው፣ በማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የምትገኘዋ።

"ኔትወርክ ጠፋ እንዴ?" አላት።

"አልጠፋም፤ እኔ ነኝ የነቀልኩት" አለች ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ። "እሷ የምትመጣው እንደዚያ ሲሆን ነው።"

ከዚያ ወንበሯ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። "ና ተቀመጥ አባዬ። እየው እስቲ፣ ጎበዝ ዕቃ ነው፤ አንዴ እንኳ አልተንቀራፈፈም።"