በሚካኤል ዕለት የተፈተነው መፈልፈያ

በአገራችን ሥራ ሳይጀምር ጡረታ የሚወጣ ነገር ቢኖር የምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ማሽን ነው። ፈታኞች ያጨበጭቡለታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ መጋዘን ገብቶ አቧራውን ይጠጣል። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ መጋዘን ውስጥ ስንቱ እንደተኛ አልነግራችሁም፤ ገበናችን ነው! "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያልን ከፋብሪካዎች ጋር ትስስር ፈጥረናል፤ እስካሁን ግን ያሰርነው ባነር ብቻ ነው።

ዘንድሮ ትዕግሥት የምትባል ተማሪ መጣችልኝ። የማንኩሳ ልጅ ናት፤ እናቷ በቆሎ በዱላ ሲወቁ ትከሻቸው ሲዝል እያየች ያደገች። የሠራችው የበቆሎ መፈልፈያ በእውነት ይሠራል! (አትሳቁ፤ ብርቅ ነው።) ቡሬ ላይ የእርሻ መሣሪያ የሚያመርቱትን አቶ ገረመውን ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኘኋቸው። ቃላቸው አጭር ነበር፦

"በገበሬ እጅ ሲፈለፍል ልይ። ካየሁ አመርተዋለሁ። ካላየሁ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ።"

ገበሬ የት ይገኛል? የማንኩሳ አካባቢ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ብጠይቃቸው፣ "ሰው ከፈለጉ በበዓል ቀን ይምጡ፤ በሥራ ቀን ማንን ያገኛሉ?" አሉኝ። ምን የመሰለ ምክር! ለወሩ ሚካኤል ቀጠርን።

ከፍኖተ ሰላም ማሽኑን በፒክአፕ ጭነን ብንደርስ እውነትም አገሬው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አቶ ገረመውም ከቡሬ በመኪናቸው መጥተው ይጠብቁናል። ትዕግሥት ሞተሩን አስነሣች።

"እስቲ በቆሎ አምጡ!" አልኩ።

ሁሉም ነጠላውን እየሰበሰበ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ምነው?"

"ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩ ቀስ ብለው። "በሚካኤል በቆሎ ይፈለፈላል እንዴ፣ መምህር?"

እናንተዬ! ሰውን ሥራ በሚፈታበት ቀን ጠርቼ ሥራ ላሠራ! እንዲህ ያለ ስሕተት ለመሥራት ሁለት ዲግሪ ያስፈልጋል። አቶ ገረመው የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። ትዕግሥት ሞተሩን አጥፍታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በደብሩ ቄስ በቄስ ሞላ እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

"አባ፣ መላ የለውም?"

ጺማቸውን አሻሹ። "ለራስ ከሆነ ነውር ነው። ለአቅመ ደካማ ከሆነ ግን ጽድቅ ነው። እትዬ ስመኝ ባልቴት ናቸው፤ በቆሏቸውም እንደተከመረ ነው።"

የእትዬ ስመኝ በቆሎ መጣ። ማሽኑ ጎረሰ፣ ተፋ... ጎረሰ፣ ተፋ! ወሬያችንን ሳንጨርስ ክምሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ያ ሁሉ ጎረምሳ ባንድ አፍታ ደከመው!

"አባ፣ እኔም እኮ አቅመ ደካማ ነኝ፤ ወገቤን..."

"አንተ? ትናንት በሬ ስትጥል ያየሁህ?"

"እሱ ነው እኮ የጎዳኝ!"

አቶ ገረመው ግፊያውን እያዩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ወደ ትዕግሥት ዞረው፣ "ልጄ፣ ንድፍሽን ይዘሽ ሰኞ ቡሬ ነይ፤ አብረን እንሠራዋለን" አሏት። ልጅቱ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ገለባ ነው ዓይኔ የገባው።

ልንሄድ ስንል ቄስ ሞላ ያዙኝ።

"ቆይ ግን መምህር፣ በሥራ ቀን ለምን አላመጣችሁትም?"

"በሥራ ቀንማ አባ፣ ገበሬው ሥራ ይበዛበታል ብለን ነዋ።"

"ኧረግ! ታዲያ ማሽኑን የሠራችሁት ሥራ ለፈታ ሰው ኖሯል?"