በአንድ ቁጥር የሰፋ የዋና ጫማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በልጅነታችሁ ልክ የሆነ ጫማ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? አትቸኩሉ፣ አስቡበት። እኔ አላውቅም። በኛ ሰፈር የመስቀል ጫማ የሚገዛው ለዘንድሮ እግር ሳይሆን ለከርሞ እግር ነው። እናቴ እጄን ይዛ ቡታጅራ ገበያ ትወጣለች፤ ሻጩ እግሬን በዓይኑ ለክቶ ልኬን ሲያወርድ፣ «አይ፣ ሰፋ ያለውን ስጠኝ፤ ልጁ ያድጋል» ትለዋለች። ሰፋ ያለው ይመጣል። ጫፉ ላይ ጨርቅ ይወተፋል። እንግዲህ እኩዮቼ ደመራውን እየዞሩ ሲሮጡ እኔ ጫማዬን ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር ማለት ነው። ዓመት ዞሮ እግሬ ጫማው ላይ ሲደርስ ጫማው አልቋል። ሌላ ይገዛል፤ እሱም ሰፊ።

እናቴ ላይ እንዳትፈርዱ። ሰፋ አድርጎ መግዛት «ትኖራለህ፣ ታድጋለህ» ማለት ነው፤ ምርቃት ነው። የምርቃቱ ክፋት ግን የዛሬው እግር እንዲያነክስ ማድረጉ ነው።

ይባስ ብሎ እኔው ራሴ አድጌ ጫማ ሻጭ ሆንኩ። ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ሱቅ አለችኝ። ከጉብሬም ከአረቅጥም የሚመጡ እናቶችን ቀኑን ሙሉ ምን ስላቸው የምውል ይመስላችኋል? «ሰፋ ያለውን ውሰጂለት እናቴ፣ ያድጋል!»

አሁን ወደ ሸረፋ ልምጣ።

ሸረፋ የቡታጅራ አብሮ አደጌ ነው። እሱ ለዐረፋ የእኛን ቤት ልጆች ይጠራል፣ እኔ ለመስቀል እጠራዋለሁ፤ እንዲህ ሆነን አደግን። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ሐረ ሸይጣን የሚባለውን ሐይቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ውሃ ነው። ከአፋፉ ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ላይ አይደርስም ይባላል፤ ሰይጣኑ ይመልሰዋል። እኛም ክንዳችን እስኪዝል ወርውረናል፤ አልደረሰም። ታዲያ አንድ ቀን ሸረፋ፣ «ድንጋዩ እምቢ ካለ እኛው እንወርዳለን። አብረን ገብተን ሥሩ ምን እንዳለ እናያለን» አለ። ማልን። እሱ በአላህ፣ እኔ በመስቀል።

ከዚያ ሕይወት እንደምታውቋት ናት። እኔ ጫማ ስሸጥ እሱ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። በመጨረሻ ሰዎችን ባሕር ውስጥ ይዞ እየጠለቀ ዓሣና ድንጋይ የሚያሳይ ሆነ። የቡታጅራ ልጅ ዓሣ ሲያስጎበኝ አስቡት! ለዐረፋ በመጣ ቁጥር «ሐይቃችንስ?» ይለኛል፤ እኔም «ለከርሞ» እለዋለሁ።

ዘንድሮ ግን ከመምጣቱ በፊት ደውሎ ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። እናቱ አርፈዋል፤ ቤቱም ተሽጧል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከዚያም ርቆ ሊሄድ ነው። «ዘበርጋ ወንድሜ» አለኝ፣ «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ቡታጅራ ላይ የሚጠራኝ ቤት የለም። የቀረኝ ያ ሐይቅ ነው። ከዐረፋ በኋላ አንዲት ጠዋት ትኖረናለች፤ በማግስቱ እሄዳለሁ። እንግባ።»

«እንግባ» አልኩ።

መነጽሩንና መተንፈሻ ቱቦውን እሱ ሊያመጣ ተስማማን። የእግሩን ግን ለእኔ ተወው። እሱ ክንፍ ይለዋል፤ እኔ የዋና ጫማ እለዋለሁ፤ እንደ ዳክዬ እግር ጫፉ የተዘረጋ ጎማ ነው። «እግር ይዞ የሚገዛ ነገር ነው፤ እግርህ ያለው አንተ ጋ ነው» አለኝ። ምክሩም አጭር ነበር። አጠር ያለ ይሁን። ለስላሳ ይሁን። ተረከዝህን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ፤ ጣትህን አያስጨንቅ፣ እግርህን ስታራግፍ ግን አይነቃነቅ። «ረጅምና ደረቅ የሆነውን እንዳትነካ! እሱ ለለመደ ሰው ነው፤ የጀማሪን ባት ይጨርሳል።»

«ጫማ ለኔ ታስተምራለህ?» አልኩት። ሳቅን።

የአጎቴ ልጅ ተካ መርካቶ ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ይሸጣል። ፈላልጎ ሁለት ጥንድ አስቀመጠልኝ። አንደኛው አጭር፣ ለስላሳ፣ ልክ ሸረፋ ያለው ዓይነት። እግሬን ሳስገባ እንደ ወዳጅ እጅ ያዘኝ። ሁለተኛው ረጅም፣ ደረቅ፣ በአንድ ቁጥር የሚበልጠኝ፤ ተረከዜ ሥር ጣት ያስገባል።

«ዋጋቸውስ?»

«አንድ ነው።»

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ሰይጣን የገባው። ሐይቁ ውስጥ አይደለም የሚኖረው፣ መርካቶ ነው። ተካ ትልቁን አንስቶ እያገላበጠ፣ «በአንድ ዋጋ ይህን የሚያህል ጎማ እያለልህ ያቺን ቁራጭ? ደሞ ነገ ልጅህም ያደርገዋል» አለኝ። ልቤ ወላወለ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ሰፋ ያለውን ውሰድ ልጄ» አለችኝ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ እንኳ ሳልነግራት።

«እማዬ፣ እኔ ከእንግዲህ የማድገው ወደ ጎን ነው እኮ።»

«እግር አይታወቅም። ሲያረጁ ያብጣል።»

ምን ይባላል? የሸረፋ ምክር ከባሕር ነው የመጣው፤ የእናቴ ምክር ግን ከጡቷ ወተት ጋር የገባ ነው። ትልቁን አስጠቀለልኩ። ለሰፋውም መላ አላጣሁለትም፤ ወፍራም ካልሲ አዘጋጀሁ። ጨርቁ ካልሲ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው የመስቀል ጫማዬ ነበር።

ዐረፋ አለፈ፤ ጠዋቷም መጣች። በባጃጅ ሄደን ቁልቁለቱን ግማሹን በእግራችን፣ ግማሹን በመቀመጫችን ወረድን። ዳር ላይ ፌስታሌን ስፈታ ሸረፋ አንዱን ክንፍ አንስቶ ሊያጥፈው ሞከረ፤ አልታጠፈም።

«ልክህ ነው?»

«በካልሲ ልኬ ነው» አልኩ፣ በሱቅ ድምፄ።

የውሃውን ዳር አየ፤ ሰማዩን አየ። ሌላ ክንፍ የለም፣ ሌላ ጠዋትም የለም። «ኢንሻአላህ፤ ከዳር አንራቅ» ብሎ ገባ።

ዋና እንኳ አላንስም፤ በልጅነታችን የክረምት ወንዝ ነው ያስተማረን። ፊቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ በቱቦው መተንፈስ ስጀምር ግን ያየሁትን አልረሳውም። አረንጓዴ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ወደ ታች ይወርድና ጨለማ ይሆናል። ሸረፋ ከሥሬ እንደ ዓሣ ተገልብጦ በእጁ ና ይለኛል። ያ ድሮ ድንጋይ ስንወረውር የነበረው ልጅ እኮ ነው! ሳቄ ቱቦው ውስጥ ተሰማኝ። ትንፋሼን ያዝኩና ወደ እጁ ለመውረድ እግሬን ረገጥ አደረግኩ።

ደረቁ ጎማ ባቴን ቀስፎ ያዘው። ጅማቴ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆነ። ከሕመሙ እግሬን ሳራግፍ ካልሲው ሟለጨ፤ ተረከዜ ወጣ፤ ክንፉ ሄደ። ቀስ ብሎ እየተወዛወዘ፣ ሸረፋን አልፎ፣ ወደ ጨለማው ወረደ። ድንጋያችንን ሁሉ እምቢ ያለ ሐይቅ የኔን ጫማ ሳያቅማማ ተቀበለ።

ሸረፋ ክንፉን አልተከተለም፤ እኔን ነው የተከተለው። በብብቴ ይዞ ዳር አወጣኝና ባቴን ሲያሽ ቆየ። ከዚያ የራሱን ክንፍ አውልቆ «ሞክር» አለኝ። ታገልኩ፤ እግሩ ትንሽ ነው፣ ከጣቶቼ ሥር አላልፍ አለ።

«በቃ አንተ እንኳ ግባ» አልኩት። «ሥሩን አይተህ ንገረኝ።»

«ብቻዬንማ ቀይ ባሕር ሞልቶኝ የለ?» አለኝ።

ሌላ ቃል ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ተመልሰን አፋፉ ላይ ተቀመጥን፤ ሁለት ሸበቶ ሰዎች፣ እንደ ድሯችን ድንጋይ ወረወርን። አልደረሰም። በማግስቱ ሄደ።

ይቆጨኛል። ክንፉ አይደለም የሚቆጨኝ። ዓመት በመጣ ቁጥር «ለከርሞ» ስለው የኖርኩት፣ ዘንድሮ ብቻ ቀርታ ሳለች ደግሞ ለከርሞ እግር ገዝቼ መሄዴ ነው የሚያንገበግበኝ። ለነገው ሰፋ ሲደረግለት የዛሬው ይወልቃል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ጫማ ሻጭ መሆኔ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

መስቀል ሲቃረብ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሱቄ ገባች። «ሰፋ ያለውን ስጠኝ» ከማለቷ፣ «ልኩን ውሰጂለት እናቴ፣ ዘንድሮ ይሩጥበት» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የከርሞውንም ከወዲሁ ሊሸጥልኝ ነው እንዴ!» ብላ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ተሻገረች። አልፈረድኩባትም። የተማርኩት ለሽያጭ የሚሆን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከውጭ የመጣ አንድ የቡታጅራ ልጅ ከሸረፋ የተላከ ጥቅል አደረሰልኝ። አጠር ያለ፣ ለስላሳ የዋና ጫማ። አደረግኩት። ተረከዜን ያዘ፣ ጣቴን ተወ። ወዲያው ደወልኩ።

«ልኬን ማን ነገረህ?»

«የኔን ልታደርግ ስትታገል የት ድረስ እንደገባልህ አይቼ የለ? ከዚያ ጨመር አደረግኩ።»

«ለከርሞ አልጨመርክልኝም?»

«ለዘንድሮ ነው። ዘንድሮውኑ ግባ።»

«አንተስ መቼ ትመጣለህ?»

«ኢንሻአላህ» አለ። ኢንሻአላህ ቅርብም አለው፣ ሩቅም አለው፤ አብሮ ያደገ ሰው ድምፁን ይለያል። የሩቁ ነበር።

ለመስቀል ቡታጅራ ስገባ ጥቅሉን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ክንፉን አደረግኩ፤ በስተርጅናዬም ያለ ጨርቅ፣ ያለ ካልሲ ልክ የሆነ ነገር እግሬ ላይ አየሁ። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። መነጽሬን አጥልቄ ጎንበስ አልኩና ውሃው ውስጥ አየሁ፤ ብርሃኑ አለ፣ ጨለማውም አለ፣ ና የሚል እጅ የለም። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ክንፉ ልኬ ነው። ሐይቁ ግን ሰፋብኝ።