ሙቀጫዬ ዝም ያለ ዕለት

ኮንዶሚኒየም ሰው የማይተዋወቅበት ቦታ ነው ስትሉ እሰማለሁ። እኔም እል ነበር፤ ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጌጃ ሰፈር ሳለን፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ነበር። እዚህ ልደታ ፎቅ ላይ ግን ብሞት የሚያሳብቅብኝ ሽታዬ ነው እያልኩ፣ ደረጃ ላይ ላገኘሁት ሁሉ እሰብክ ነበር።

ታዲያ ጥርሴ አልቋል። ቆሎዬን ወቅጬ ነው የምበላው። ጎህ ሲቀድ ዘነዘናዬን አነሳለሁ። በቀደም ከእኔ በታች ያለችው ሴት መጣች። የወሎ እስላም ናት፣ ልጆች አሏት፤ የማውቀው ይህንኑ ነው። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሕፃኑ እየባነነብኝ ነው፤ ትንሽ ረፈድ ሲል ቢወቅጡ" አለችኝ አንገቷን ደፍታ። እኔስ ምን አልኩ? "ሙቀጫ ያስደነገጠው ልጅ አድጎ ምን ሊሆን ነው?" ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ጥሩ መልስ መስሎኝ ስደሰትበት ዋልኩ።

በማግስቱ አኮረፍኩ። ጭራሽ አልወቅጥም፤ ደስ ይበላት። ቆሎውን ጉንጬ ውስጥ እያሟሟሁ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። "እማማ" ትላለች። ዝም። ልትለማመጠኝ መጥታለች፣ ትለማመጥ። ደግማ ጠራችኝ። አሁንም ዝም። ያኮረፈ ሰው አቤት ይላል እንዴ?

ቆይቶ ደረጃው በኮቴ ተሞላ። "ሙቀጫቸው ዛሬ አልተሰማም፤ ብጠራም አይመልሱም" ስትል ሰማኋት። አንዱ ለልጃቸው ይደወል አለ። "ለአልማዝ ደውያለሁ፣ ከአዳማ ተነስታለች" አለችው። የልጄን ስም ከየት አመጣችው?

ያኔ ተነስቼ አለሁ ማለት ነበረብኝ። ግን ስጠራ ዝም ያልኩት ለምንድን ነው ልበል? ምክንያት ስፈልግ በሩ ተገንጥሎ ወደቀ።

ግማሹ ፎቅ ገባ። አንዷማ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ነው የመጣችው። እኔ ጉንጬን በቆሎ ወጥሬ ተቀምጫለሁ። በሩን የሰበረው ጎልማሳ ትከሻውን እያሸ፣ "እማማ፣ ቁርስ ላይ ደረስን መሰለኝ" አለ። ሁሉም ሳቁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ለካ ፎቅ ላይ ነኝ፤ መሬትም የለም።

ያቺ የታችኛዋ ሴት ግን አልሳቀችም። መጥታ እጄን ያዘች። እጇ በረዶ ሆኗል። ላመሰግናት፣ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። በስሟ ልጠራት ስል፣ ስሟን አላውቀውም። ስንት ዘመን ከእግሬ ሥር ኖራ፣ አላውቀውም። እንዲህ ሲቸግር መቼም አማርኛችን መውጫ አያጣም። "የኔ ልጅ" አልኳት።

ከፍቅር መሰላት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ነው የምትለኝ። እናት ደግሞ እንዴት ብላ የልጇን ስም ትጠይቅ?