ከሽሬ ላሊበላ አርባ ደቂቃ

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ ርቀት የሚናገር አንድ ሰው አይጠፋም። ለቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም የደረሱት ክቡር ጋሽ ገብረሃንስ ናቸው፤ ለወይዘሮ እንቁ ደግሞ ዕጣዋ ሆኖ በግድግዳ ጎረቤትነት ደረሷት።

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተሳልማ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «በየት በኩል መጣሽ? በዚያማ ዞረሻል!» ይሏታል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ላጲሶ ለገና አገሩ ሊሄድ ሻንጣውን ሲያወርድ ደረጃው ላይ አስቁመው ስለ ቡታጅራ መንገድ አስረዱት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሆሳዕና ነው የተወለድኩት!» ቢላቸው፣ «መወለድ ሌላ፣ መንገድ ማወቅ ሌላ» አሉት። ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ ሰው እንባውን ሳይጠርግ አስከሬኑ በስንት ሰዓት አገር ቤት እንደሚገባ ያሰላሉ።

ከሁሉ የምትብሰው ግን አንዲት አባባላቸው ናት።

«ከሽሬ ላሊበላ በአየር አርባ ደቂቃ! ቀጥታ በረራ ቢኖር።»

«የሌለ አውሮፕላን ደቂቃ የሚቆጥሩ እርስዎን ብቻ አየሁ» ትላቸዋለች እንቁ።

ምክንያቱን ግን ታውቃለች። እናታቸው ሽሬ ናቸው። እህታቸው ለተብርሃን ላሊበላ አግብታ ቀርታለች። ከጦርነቱ ወዲህ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። የመኪናው መንገድ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፤ ሲከፈትም የሚደፍረው የለም።

ባለፈው ሳምንት እናት ታመሙ። ለተብርሃን ወደ ሰሜን ለመሄድ ወደ ደቡብ በረረች፤ አዲስ አበባ አድራ በማግስቱ ከወንድሟ ጋር ሽሬ ልትገባ። እሷ አየር ላይ ሳለች ለጋሽ ገብረሃንስ ስልክ ተደወለ። እናት አርፈዋል።

የእድሩ ዳኛ አቶ አስፋው ወዲያው ፈረዱ። «ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። ነገ ሽሬ ስትደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ያርዳት። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል!»

ሁሉም ወደ ጋሽ ገብረሃንስ ዞረ። ኪሎ ሜትር አጠጋግተው የማያውቁ ሰው እንዴት ብለው ይዋሻሉ?

«እንቁዬ፣ አብረሽኝ ነይ» አሏት። አብራቸው ኤርፖርት ሄደች።

ለተብርሃን ጸበል የያዘ ጠርሙስ ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ የወንድሟ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ወንድምዬ፣ ይሄን ጠጥታ ብትሞት እንኳ አይቆጨኝም። እደርስባታለሁ ወይ? እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ መንገድ ታውቃለህ!»

ጋሽ ገብረሃንስ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከሉላት።

«ትደርሺያለሽ» አሉ። «ቅርብ ነው።»

ለተብርሃን ማመን አቅቷት ወደ እንቁ ዞረች። ስንት ዓመት ሙሉ የሰውየውን ቃል ስታጣጥል የኖረችው እንቁ፣ «ጋሽ ገብረሃንስ በመንገድ ነገር ተሳስተው አያውቁም፣ እህቴ» አለችና፣ ዓይኗን እንዳታይባት ሻንጣውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።