በቀሚስ ላይ የተነሣ ልብ

ክብሩን የማይወድ አገር የለም። ክብርን ግን ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ማኅተም መትቶ የጠበቀ ጤና ጣቢያ ቢፈለግ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስሙን ከማንጠራው ከዚያ ግቢ በቀር አይገኝም። እንዲህ ያለውን ቤት ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

ለጤና ጣቢያው የልብ ምት የሚያነሣ መሣሪያ መጣለት። ኢሲጂ ይሉታል። ጎማዎቹ ደረት ላይ ይለጠፋሉ፣ መቆንጠጫዎቹ እጅና እግር ይይዛሉ፤ ከዚያ ልብ የምትለውን ሁሉ ወረቀት ላይ እየጫረ ያወጣል። እስከዚህ ደግ ነበር። ችግሩ የሰው ደረት ልብስ ውስጥ መሆኑ ነው። ኃላፊው አቶ ትዕዛዙ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። የወሎ ሴት ደረቷን ለሽቦ ትገልጣለች ወይ ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው፣ ጉዳዩ የሴት ገላ ስለሆነ፣ በብዙ ጥንቃቄ ከወንዶች ብቻ ተመረጠ። ሲመክር ሰነበተ፤ ቆሎውም ለስላሳውም አለቀ። በመጨረሻ ኢሲጂ በልብስ ላይ ይነሣ ተብሎ ተወሰነ፤ አድልዎ እንዳይሆንም ወንዱ ከነኮቱ። መጋረጃ ብንገዛስ ያለ አንድ አባል ነበር፤ ከአጀንዳ አታውጣን ተብሎ ተገሠጸ።

መቅዲ ለልምምድ የመጣች የነርስ ተማሪ ናት። ጎማው ጄል ተቀብቶ ባዶ ገላ ላይ እንደሚለጠፍ ተምራለች። ተማሪ ግን የሚያውቀውን ሳይሆን የሚያሳልፈውን ነው የሚሠራው። የልምምድ ወረቀቷ ላይ ወይ አሠልጣኟ ኃይለ ሚካኤል፣ ወይ አቶ ትዕዛዙ ካልፈረሙላት አትመረቅም። ስለዚህ ጋቢ ላይም ለጠፈች፣ ካፖርት ላይም ለጠፈች። ወረቀቱ ሁሌም እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኃይለ ሚካኤልም አየት ያደርግና ንጹሕ ሥራ ነው፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ይላታል። በሐይቅና በአካባቢዋ የልብ በሽታ ጠፋ። ሪፖርት ተደረገ፤ ተጨበጨበ።

በዚህ ሰላም መሐል መስኡዳ የምትባል ገበሬ ከአምባሰል በሚኒባስ መጣች። ልቧ ሰሞኑን አልገዛ ብላታለች፤ ዳገት ስትወጣም ትደነብርባታለች፣ ቁጭ ስትልም ትደነብርባታለች። ጠዋት ማሽላ ስታርም ወድቃ ጎረቤት ናት ያነሣቻት። መቅዲ የኮሚቴው ውሳኔ ነው ብላት እንደ ደንቡ ጎማውን በቀሚሷ ላይ ለጠፈች። መስመሩ ቀጥ አለ። ኃይለ ሚካኤል አየና፣ ልቧ እጅግ የተረጋጋ ስለሆነ ወደ ቤቷ ትመለስ አለ።

መስኡዳ ከአልጋው አልወረደችም።

"አንች ልጅ፣ ወረቀቱ ምን አለ?"

"ቀጥ ያለ ነው፣ እትዬ።"

"የሰው ልብ ቀጥ የሚለው መቼ ነው?"

መቅዲ አሠልጣኟን አየችው። ከዚያ የሴትዮዋን አንገት አየች። ከሻርፑ በታች የደም ሥሩ መረብ እንደገባ ዓሣ ይፈራገጣል።

"ሲሞት ነው" አለች።

"እኔስ?"

"እርስዎማ እያናገሩኝ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። ኮሚቴው ሳይሰማ ቶሎ በይ እንግዲህ።"

ኃይለ ሚካኤል ተቆጣ። ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ የሚሽረው ኃላፊው ብቻ ነው አለ። ደወለ፤ የአቶ ትዕዛዙ ስልክ ዝግ ነው። ማልደው ለአስቸኳይ ስብሰባ ደሴ ሄደዋል። እንግዲያው ሴትዮዋ ስብሰባው እስኪያልቅ ትጠብቅ፤ መቅዲም ቀሚሱን ከፍ ካደረገች ፊርማዋን ትርሳው አለ። የመቅዲ እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቷ ለምረቃው ቀን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች። ዓሣው ግን መፈራገጡን አልተወም።

"ይግለጡት፣ እትዬ" አለች።

መስኡዳ ኮሪደር ላይ ወረፋ የያዙትን ሴቶች ጠራቻቸው። ጠበል ላይ ሴት ለሴት መከለያ እንደምትይዘው፣ ነጠላ የለበሰችው ነጠላዋን፣ ሻርፕ የለበሰችው ሻርፗን ዘርግተው አልጋውን ከበቡት። ኃይለ ሚካኤልን በክርን እየጎሸሙ በሩ ላይ አደረሱት። ያን ያህል ቆሎ የፈጀው የባህል ጉዳይ አንዷ ለሌላዋ "ያዥልኝ" እስክትላት ባለው ጊዜ ተቋጨ።

ወረቀቱ ወጣ። አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ያርፋል፣ አንዴ እግሩ ሥር እባብ ያየ ይመስል ይዘላል። ኃይለ ሚካኤል በበሩ አንገቱን አስግጎ አየና አበላሸሽው አለ፤ የልምምድ ወረቀትሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ ከእኔ ፊርማ የለሽም አለ። ተረኛዋ ሐኪም ግን እንዳየችው ጊዜ አልፈጀችም፤ አምቡላንስ አስነሣች፣ መቅዲንም ሸኚያት አለቻት።

ደሴ ሆስፒታል ሲደርሱ መስኡዳን በቃሬዛ እየገፉ በቀጥታ ወደ ኢሲጂው ክፍል አስገቧት። አልጋው ተይዟል። አንድ ሰውዬ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ተንጋለዋል። ኮት፣ ሸሚዝ፣ ከረባት ወንበር ላይ ተቆልሏል። ጎማዎቹ ደረታቸውን ሞልተውታል። ቀና ሲሉ አቶ ትዕዛዙ ናቸው።

መቅዲ፣ ኃላፊያችን! አለችና መሬቱን አየች። እሳቸው ከረባታቸውን ስበው ደረታቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ የቱን ይሸፍን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የልምድ ልውውጥ ላይ ነኝ" አሉ።

"ይበርቱ" አለች መስኡዳ ከቃሬዛው ላይ። "ይችን ልጅ አሠልጣኟ ገላ ገልጠሽ አነሣሽ ብሎ ፊርማ ነፍጓታል። እኔን ለዚህ ያደረሰችኝ እሷ ናት። ይፈርሙላት።"

መቅዲ የልምምድ ወረቀቷን ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። አቶ ትዕዛዙ ሽቦው እንዳይነቀል ክንዳቸውን ሳያነሡ ወረቀቱን በጎን ተመለከቱት። ኃላፊነት አለባቸውና ዝም ብለው አይፈርሙም።

"በየትኛው ደንብ?" አሉ።

"አሁን በለበሱት" አለች መስኡዳ።

ፈረሙ።